ዓይኗ የበራ መ

የአጎቱ ሚስት ሀዲጃ ለጀይላን የነገረችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር።

«አጎትህ ሰንበቴ ገበያ ወርዷል። የጽሕፈት መኪናዋ ደግሞ ነገ ጠዋት ቀበሌ ትቀርባለች፤ ንጹሕ መሆኗ መታየት አለበት ብሏል።»

ይህን ብላ ነጠላዋን ደርባ ለቅሶ ቤት ሄደች።

ጀይላን ከቡልጋሪያ ከተመለሰ ገና ሳምንቱ ነው። ስድስት ዓመት ሶፍያ ተቀምጦ ስለ ጥቃቅን ማሽኖች ተምሯል። ከሚሴ ሲደርስ ግን ትምህርቱ ለምን እንደሚበጅ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እጁ ሥራ ፈትቶ ያሳክከዋል። የአጎቱን የጽሕፈት መኪና ጠረጴዛው ላይ ሲያያት፣ በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልቡ ሞቀ።

መኪናዋ የአጎቱ የሙሐመድዘይን እንጀራ ናት። ከጨፋ የሚመጣ ገበሬ ሁሉ አቤቱታውን የሚያስጽፈው በእሷ ነው። ነገር ግን አሥራ አምስት ዓመት ውኃ ያልነካው ገላ መስላለች። ጀይላን ገልብጦ ቢያራግፋት የጫት ቅጠል፣ የማሽላ ገለባ፣ የመንገድ ዳር አቧራ፣ አንድ የደረቀ ጢንዚዛ ወደቀ። ቁልፎቹ በላብና በቅባት ጠቁረው ፊደላቸው አይለይም። ከሥር ያሉት ፊደል የተቀረጸባቸው ብረቶችማ የባሰባቸው ነበሩ፤ የመ ሁለት ዓይኖች፣ የወ ሆድ፣ የዐ ቀለበት በደረቀ ቀለም ተደፍነዋል።

«ሱብሃነላህ!» አለ ለራሱ። «ይህን ይዞ ቀበሌ መቅረብ ነውር ነው።»

ላምባ በጣሳ ቀዳ። በዶሮ ላባ አቧራውን ጠረገ፤ ከሶፍያ ባመጣው የጥርስ ብሩሽ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈገፈገ። የእያንዳንዱን ፊደል ዓይን በመርፌ ጫፍ ቆፍሮ ከፈተ። ቆሻሻው እንደ ጉንዳን ጭንቅላት እየተፈነቀለ ሲወጣ እሱ ያፏጭ ነበር። ከቀትር እስከ አስር ሰዓት አልተነሣም።

ሙሐመድዘይን ከገበያ ሲገባ መኪናዋ መስኮቱ ሥር ታበራለች።

«አካም ኦልተ፣ እንዴት ዋሉ አጎቴ? እስቲ ይዩልኝ!»

አጎቱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወረቀት አስገባና ቆሞ መታ፦ ወሎ። መመመ። ወረቀቱን ነቅሎ ወደ መስኮቱ አነሣው።

«ምን አደረግህ?»

«አጸዳኋት። ንጹሕ መሆን አለባት ብለው የለ?»

«ንጹሕ…» ሙሐመድዘይን እንደ ዱቄት ከረጢት ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «አንተ ልጅ፣ ቋንቋህን ጉምሩክ ወሰደው? ንጹሕ ስል ከደሙ ንጹሕ ማለቴ ነው! ላምባና ብሩሽ ማን አለህ?»

ጀይላን ያልሰማውን ያን ጊዜ ሰማ። ባለፈው ዓርብ ገበያው መግቢያ ላይ መንግሥትን የሚያወግዝ ወረቀት ተለጥፎ ተገኝቷል፤ በመኪና የተጻፈ። በዘመኑ እንዲህ ያለ ነገር በጆሮ እንኳ አይወራምና፣ ሀዲጃም ምክንያቱን ዋጠችው። ከተማው ውስጥ ያሉት መኪናዎች ስድስት ናቸው፤ አምስቱ የመንግሥት ቢሮ፣ አንዷ የሙሐመድዘይን። የወረቀቱ መ ዓይኗ ቦግ ያለ ነው። የሙሐመድዘይን መ ግን መታወሯን አገር ያውቃል፤ ገበሬው «የዕውሯ መኪና» ነው የሚላት።

«ምስክሬ እኮ እድፏ ነበር» አለ አጎቱ። «በመርፌ ገደልህብኝ።»

ሀዲጃ በር ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታ ኖሮ፣ «ወይኔ፣ እኔ ነኝ ያሳሳትሁት» አለችና ኩሏን ከቅቤ ጋር ለውሳ መጣች። የመ ዓይኖችን ደፈኑ። አንዴ ሲመታ ጥሩ ታወረ፤ በሦስተኛው ኩሉ ወረቀቱ ላይ ቀረና ዓይኗ እንደገና በራ። ሀዲጃ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«የድሮ ጽሑፍ እናሳያቸዋ!» አለ ጀይላን። «ቅጂ ያስቀራሉ አይደል?»

«ካርቦን ሁሉንም ፊደል ያሳውራል። ዋናዎቹ ደግሞ ደሴ ሄደዋል።» ሙሐመድዘይን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ብቻ እዚህ ቀርቷል። የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ዓብዱ፣ ልጁ ሸምሱ ከሚሊሺያ ምልመላ እንዲቀርለት አስጽፎኝ ነበር። በኋላ ፈርቶ ኪሱ አስቀረው።»

«ታዲያ እሱን ያውጣ!»

«የሰው ገመና ሸጬ ነው የምድነው? አላደርገውም። ወላሂ!»

በማግሥቱ ጠዋት ጀይላን አጎቱን አልጠበቀም። መኪናዋን አቅፎ ቀበሌ ገባ። ጓድ ዓብዱ በሁለት ጸሐፊዎች መካከል ተቀምጦ የአምስቱን ቢሮዎች ናሙና ደርድሯል። አፍንጫውን ነፋ።

«ምንድን ነው ይኼ ሽታ?»

«ላምባ ነው። ትላንት እኔ አጠብኋት።»

ጸሐፊዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ «በደህና ቀን! ዛሬ ልትመረመር ትላንት ታጠበች?» አለ። ዓብዱ መ መታ። ሁለት ክብ ዓይኖች ወረቀቱ ላይ ቁልጭ አሉ። የተለጠፈውን ወረቀት ጎኑ አስቀመጠ።

«አጎትህን ጥራው» አለ ዓብዱ።

ጀይላን ወደ ጠረጴዛው አንድ እርምጃ ቀረበ። ከአፉ የወጣው ድምፅ የራሱ መሆኑን ተጠራጠረ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የዚህች መኪና መ እስከ ትላንት ዕውር ነበረች። ዋናው ማስረጃ እርስዎ ኪስ ነው ያለው። ስለ ሸምሱ የተጻፈው።»

የዓብዱ ብዕር ቆመ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። እጁ ሳያዝዘው ወደ ደረት ኪሱ ሄዶ ተመለሰ።

«የትኛው ሸምሱ?» አለ ጸሐፊው።

«ዝም በል አንተ!» ዓብዱ የመታውን ናሙና ከሌሎቹ ጋር አልደረደረም፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ በመዝገቡ ስድስተኛ ረድፍ ላይ አንዲት ቃል ጻፈ። «ታይታለች። ይዘሃት ውጣ።»

ሙሐመድዘይን ደጁ ላይ ደርሶ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ጀይላንን ሲያይ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ምን ብሎ ጻፈ?»

«ንጹሕ።»

ሽማግሌው መኪናዋን አየ፤ የወንድሙን ልጅ አየ፤ የሊቀ መንበሩን በር አየ።

«ምን ነግረኸው?»

ጀይላን መኪናዋን ወደ አጎቱ ዘረጋ። ላምባው አሁንም እጁ ላይ ይሸታል። አጎቱ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያም መኪናዋን ከእቅፉ ሳይቀበለው ፊቱን አዙሮ ብቻውን ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።