የጌታነሽ ቀኖና

ጌታነሽ የነፍስ አባቷ ቄስ ቴዎፍሎስ የሰጧትን ቀኖና ስትሰማ ጆሮዋን ተጠራጠረች። የተናዘዘችው እኮ ይኸው ነው፤ ዓርብ ቀን ረስታ ወተት መቅመሷን፣ አንድ ልጇን ድራ ቤቱ ጭር ካለ ወዲህም ከአልጋ መነሣት እያስጠላት ከቅዳሴ መቅረቷን። ለዚህ ታዲያ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ የደጋ አገራቸውን የዘመሮን ውርጭ ተጋፍጦ፣ ዳገቱ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ መስገድ? በዚያ ላይ ጠበል መጠመቅ?

"ስትመለሺ ደግሞ አስካለ ማርያም ቤት ጎራ በይ። ሲያወሩ ሳታቋርጪ ስሚያቸው" አሉና መስቀል አሳልመዋት ሄዱ።

ይሄ ከስግደቱም ይብሳል። እትዬ አስካለ ማርያም ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ በደኅናው ጊዜ ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ አልነበራቸውም።

ጌታነሽ የነገር ሥር ካላገኘች እህል አይወርድላትም። ቄሱ ምን አይተውብኝ ነው ስትል ዋለች። ድንገት ትዝ አላት፤ በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ ሄዳ የደም ግፊት ተለክታ ነበር፤ የለካቻት ነርስ ጽናት ደግሞ የቄሱ የእኅት ልጅ ናት። በቃ፣ ልትሞት ነው! ልጅቷ ሹክ ብላቸው ለነፍሷ ስንቅ እያስያዟት ነው። የልጅ ልጅ ሳታቅፍ መሞቱ አንጀቷን በላው።

እየፈራች ጀመረች። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቷ እምቢ አለ፤ ከዚያ ዳገቱን ሳታርፍ ትወጣው ገባች። በሶው ጣማት፤ እንቅልፏም ተመለሰ። ይሄ ደግሞ ሌላ እንቆቅልሽ ሆነባት። ሟች እንዲህ ይርበዋል እንዴ?

የአስካለ ማርያም ነገርም ግራ ነበር። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ፣ የመጀመሪያው ቀን ጸጥ ብለው አፍ አፏን ያዩ ጀመር። እሷም ቀኖናዋ መስማት ነውና አፍ አፋቸውን አየች። እንዲህ ተፋጠው ብዙ ከቆዩ በኋላ ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ በግ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ሟች ባልና ስለ ተዳረች ልጅ ያልተጫወቱት የለም።

ትንሣኤ አለፈ። በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለምና ጌታነሽ በማግስቱ ቤቷ ዋለች። ቀኑ አልመሽ አላት። በሦስተኛው ቀን ግን አላስችል ብሏት አስካለ ማርያም ደጅ፣ ከተከፈተው በር ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልሞት ነው ኣ? ቄሱ ነግረውዎታል?"

"ማን? አንቺ? ዳገቱን እንደ ፍየል የምትወጪው?" አስካለ ማርያም እስኪያስላቸው ሳቁ። "ኧረ አንቺማ ቀኖናዬ ነበርሽ! ባሌን ቀብሬ በሬን ዘግቼ፣ ከሰው ተኳርፌ ብቀመጥ፣ 'ጧት ጧት ፊትዎን ይታጠቡና ጌታነሽን ይጠብቋት፤ ስታወራ ሳያቋርጡ ይስሟት' አሉኝ ቄሱ።"

ለጌታነሽ የነገሩ ሥር አሁን ተገለጠላት። ሙሉ ጾሙን አንዷ ሌላዋን ስትታገሥ ኖራለች!

"እስከ መቼ አሉዎት?"

"እስከ ትንሣኤ።"

"ታዲያ አልቆልዎት የለ? ዛሬ ለምን በሩን ከፍተው ጠበቁኝ?"

አሮጊቷ ሳቃቸው ቀረ። "ትናንትም ከፍቼው ነው የዋልኩት" አሉ። "ስትቀሪብኝ ሆዴ ባባ።"

ጌታነሽ ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች።