ሆብ ምን አለ?

ግሩም ታክሲ መንዳት ካቆመ ወዲህ ከሰዓት በኋላው ባዶ ሆኖበት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አገር ኤርፖርት ላይ ተሰልፎ ሲጭን ኖሮ፣ ሰዉ ሁሉ መኪና በስልኩ መጥራት ሲጀምር ሥራው እንደ ጤዛ ረገፈ። እሱም ታክሲውን ትቶ ጠዋት ጠዋት ብቻ የትምህርት ቤት ቫን ድራይቭ ማድረግ ጀመረ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ኅዳር ላይ ወዳጁ ዓለምሰገድ ታሞ ቤት ሲውልና አብሮት የሚቀመጥ ሰው ሲፈለግ፣ ማንም ሳይጠይቀው «እኔ አለሁ» አለ።

ሁለቱ ከተዋወቁ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ዓለምሰገድ ያን ሁሉ ዘመን ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሠራው። ቀልደኛ፣ ነገር አዋቂ፣ በትንሹ የማይከፋ ሰው ነበር። የስኳር በሽታው መጀመሪያ ዓይኑን አደከመበት፣ ቀጥሎ ኩላሊቱን ያዘው። በሳምንት ሦስት ቀን ደሙን በማሽን ለማሳጠብ ዲያሊስስ ይሄዳል፤ በቀሩት ቀናት ሚድ ሲቲ ሰፈር ባለው አፓርታማው ሶፋ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ይቀመጣል። ሚስቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ያለችው አንድ ልጅ አቢጋኤል ናት፤ እሷም ሥራዋም ቤቷም ራቅ ብሎ ቶራንስ ከተማ ነው።

የቪዲዮ ጌም ወደ ቤቱ ያመጣችው አቢጋኤል ናት። «ዜና እያየህ ከምትናደድ» ብላ የራሷን የድሮ መጫወቻ ከአባቷ ቲቪ ጋር አገናኘችለት፤ ተኩስና ሩጫ የሌለበት፣ ቀስ ያለ ታሪክም መረጠችለት። ግሩም መጀመሪያ ሳቀ። ጌም ማለት ለሱ የልጆች ጩኸት ነበር። ሳቁ ግን ሁለት ቀንም አልቆየ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሁለት የስልክ መስመር ጠጋኞች፣ ዊልና ሆብ፣ በረዶ የለበሰ ሰፊ አገር በእግራቸው እያቋረጡ የወደቀ ምሰሶ ያቆማሉ፣ የተበጠሰ ሽቦ ይቀጥላሉ። መስመሩ ከተራራው ማዶ ላለችው ከተማ ሲደርስ፣ ከተማዋ ከሌላው ዓለም ጋር ትነጋገራለች። ተጫዋቹ ዊልን ሆኖ ይሄዳል። ሆብ ሽማግሌው ነው፤ አብሮ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ይተርባል። አንዷን ቁልፍ ሲጫኗት ዊል ያፏጫል፤ ሆብም ካለበት ሆኖ በፉጨት ይመልሳል። ጉም ሲመጣ የሚፈላለጉት በዚያ ነው።

ሰዎቹ ከፉጨት በቀር ድምፅ የላቸውም፤ ንግግራቸው ከታች በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል። ዓለምሰገድ በረዶውንና ሰዎቹን ያያል፤ ፊደሉን ግን ዓይኑ አያነሣለትም። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈሉ። እሱ ያስኬዳል፣ ግሩም አጠገቡ ተቀምጦ በአማርኛ ያነብለታል።

«ሆብ ምን አለ?» ይላል ዓለምሰገድ።

«አካሄድህ እንደ ሰከረ በቅሎ ነው አለህ።»

«እንደሱ ብሎ ነው የጻፈው?»

«በቅሎዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት።»

እየሳቁ ምሰሶ ሲያቆሙ ይውላሉ። ግሩም ጠዋት ቫኑን ፓርክ አድርጎ፣ ፌርፋክስ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ምሳ ይዞ፣ ደረጃውን ሲወጣ እርምጃው እየፈጠነ መምጣቱን ራሱም ልብ አለው።

አንድ ሐሙስ አቢጋኤል እስከ መኪናው ድረስ ተከትላው ወረደች።

«ጋሼ ግሩም፣ አንድ ደቂቃ። ሶ... ዶክተሩ ልቡም ደክሟል አለ። ዲያሊስሱን ብዙ አይችለውም። ሦስት ወር፣ ምናልባት አራት።»

«እሱ ሰምቷል?»

«እኔ ነኝ የተረጎምኩለት። መድኃኒት ይቀየርልሃል ነው ያለው አልኩት።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ፕሊስ፣ እንዳትነግረው። ተስፋ ይቆርጣል።»

ግሩም አልተከራከራትም። ያደገበትም ሥርዓት ይኸው ነው፤ ለታመመ ሰው ሞት አያወሩለትም። መርዶ እንኳ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በጥንቃቄ ነው የሚነገረው። የግሩም ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው ጸልየው «ተፈውሰሃል» ብለውት ሄደዋል፤ የዓለምሰገድ ንስሐ አባትም ጠበል ረጭተው «ትነሣለህ» ብለውታል። ታዲያ ግሩም ማን ሆኖ ሌላ ይናገራል? «እሺ» አላት።

ቅዳሜ ዕለት ዊልና ሆብ አንዲት የእንጨት ጎጆ ደረሱ። ሆብ እሳቱ ዳር ተቀመጠና ጽሑፉ መጣ። ግሩም በልቡ አነበበው። «ዊል፣ ታምሜአለሁ። ከመነሣታችን በፊት ነው ያወቅሁት። ተራራውን አልሻገርም። እስከምችለው ድረስ ግን አብሬህ ልሂድ።»

«ሆብ ምን አለ?»

ግሩም ዓይኑን ከጽሑፉ አነሣ። «ደክሞኛል፣ ትንሽ ልረፍ አለ።»

«ይረፍ፣ ምን ቸገረው» አለ ዓለምሰገድ።

ከዚያ በኋላ ውሸት ውሸትን እየወለደ ሄደ። ሆብ ዊልን ምሰሶ ላይ ብቻውን እንዴት እንደሚወጣ ያስተምረዋል፤ ግሩም «ስለ አየሩ እያወራ ነው» ይላል። ሆብ ለእህቱ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ግሩም «ሰላምታ ነው» ይላል። ሆብ ሞትን ከመፍራት ይልቅ መረሳትን እንደሚፈራ ይናገራል፤ ግሩም «ዝም ብሎ ነው፣ የሽማግሌ ወሬ» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ መንገደኛ ካሰበበት ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ አሁን ጓደኛውን በተሳሳተ መንገድ የሚያዞረው መሰለው።

በሳምንቱ ዓለምሰገድ መጫወቻውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ግሩም።»

«አቤት።»

«ሆብ ስንት ቀን ነው የሚያርፈው?»

«እንግዲህ... አርጅቷል።»

«ሰው ለማረፍ ብሎ ጓንቱን ይሰጣል? መዶሻውን ሰጠ፣ ቀበቶውን ሰጠ፣ አሁን ጓንቱን አወለቀ። በዚህ በረዶ!» ፊቱን ወደ ግሩም አዞረ። «ጌሙ የተባባሉትን የሚያስቀምጥ ገጽ አለው። ወደ ኋላ መልሰውና እንደተጻፈው አንብብልኝ።»

ግሩም መለሰው። ከጎጆዋ ጀምሮ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ሁሉንም አነበበ። «ተራራውን አልሻገርም» የሚለው ላይ ሲደርስ ውኃ ጠጥቶ ቀጠለ። ሲጨርስ ዓለምሰገድ ራሱን ነቀነቀ።

«ጎሽ፣ ሆብ» አለ። «ወንድ ነው።»

«ይቅር በለኝ።»

«አቢም እንዳንተው ናት። መድኃኒት ይቀየርልሃል ብሎሃል አለችኝ። ሃያ አምስት ዓመት ፓርኪንግ ስሠራ ከሰው ጋር በምን ቋንቋ ያወራሁ ይመስላችኋል? የደከመው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬ ምን ሆነ?»

ግሩም ወደሱ ዞረ። «ከዚያን ቀን ጀምሮ ታውቃለህ?»

«ዶክተሩ ተናግሮ ሳይጨርስ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እሷ እንዳልሰማ ፈራች፤ እኔ ደግሞ መስማቴን እንዳታውቅ ፈራሁ። የሚመጣው ሁሉ ትድናለህ ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ። ሲወጡ ብቻዬን እፈራለሁ።» በቲቪው ላይ በረዶው ቀስ እያለ ይወርዳል። «ይሄ ሽማግሌ ለጓደኛው ነገረው። ጓደኛውም አልሸሸም፤ አብሮት ምሰሶውን ሲያቆም ከረመ። እኔ ከዚህ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? በል፣ አሁን እንጨርሰው።»

ጨረሱት። ከተራራው ግርጌ ባለችው የመጨረሻ ጎጆ ሆብ ተኛ፤ ዊል ተራራውን ብቻውን መውጣት ነበረበት። ዓለምሰገድ መጫወቻውን ወደ ግሩም ዘረጋ።

«ይቺን አንተ አስኪዳት።»

«አልችልበትም እኮ።»

«የምትቀረው አንተ አይደለህ?»

ግሩም ተቀበለው። ዊልን ዳገቱ ላይ አወጣው። ጉም ወረደ፣ መንገዱ ጠፋ። ሳያስበው ጣቱ የፉጨቷን ቁልፍ ተጫነ። ዊል አፏጨ። ነፋስ ብቻ ነበር። ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም።

ግሩም ብዙ ለቅሶ ተቀምጧል፤ አባቱን ቀብሯል፣ ወንድሙን ቀብሯል። ያኔ ሞት ከውጭ መጥቶ ነበር የሚነገረው። አሁን ግን ያ ዝምታ ከገዛ ጣቱ ሥር ነው የወጣው፤ ጠርቶ መልስ ያጣው እሱ ራሱ ነው። መጽሐፍ ቢሆን ገጹን ያልፈው ነበር። እዚህ ግን እሱ ካልሄደ ዊል አይሄድም። እያለቀሰ አስኬደው። ዓለምሰገድ አላባበለውም፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎለት ተቀመጠ። ዊል የመጨረሻው ምሰሶ ላይ ሆብ እንዳስተማረው ብቻውን ወጣ፣ ሽቦውን አሠረ። ከታች የከተማዋ መብራት አንድ በአንድ ይበራ ጀመር።

«ደረሰ?» አለ ዓለምሰገድ።

«ደረሰ።»

«እሰይ። እንግዲህ የኔን ነገር እናውራ።»

አወሩ። የት መቀበር እንደሚፈልግ፣ ማን እንዲነገረው፣ ምን እንደሚያስፈራው። ከሁሉም በላይ ግን እዚያው አቅራቢያ ጋርዴና ከተማ ያለውን ታናሽ ወንድሙን ወርቁን ፈለገ። በሚስቱ ለቅሶ ላይ በወጣች አንዲት ክፉ ቃል ተቀያይመው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም።

አቢጋኤል ማግስቱን ስትመጣና አባቷ ነገሩን ሲያነሣ ወደ ግሩም ዞረች። «ነገርከው! ፕሮሚስ አድርገህልኝ ነበር!»

«ተይው» አላት አባቷ። «ዶክተሩ ራሱ ነው የነገረኝ። አንቺ አጠገቤ ነበርሽ።»

ግሩም ትቷቸው ወጣ። ፒኮ ጎዳና ድረስ ሄዶ፣ አውቶቡሶቹን እያየ ቆሞ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የአባቷን የእግር ጥፍር ትቆርጣለች፤ እሱ ስለ እናቷ የሆነ የሚያስቅ ነገር ይነግራታል። «ና ግባ ጋሼ» አለችው፤ ቁጣዋ ጠፍቷል።

ወርቁን ግሩም ሄዶ አመጣው። ወርቁ መንገዱን ሙሉ «እንዲህ ልበለው? ወይስ እንዲህ?» እያለ የሚናገረውን ሲለማመድ መጣ። በሩ ሲከፈት ግን ሁሉም ጠፋበት፤ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ትከሻ ስሞ እዚያው ቀረ። ዓለምሰገድም «ወፈርክ» ብቻ አለው። ከዚያ ወዲህ ወርቁ በሳምንት ሁለቴ ይመጣ ነበር።

ዓለምሰገድ በመጋቢት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ እጁ በልጁ እጅ ውስጥ እንዳለ አረፈ። ለቅሶው ላይ ሰው እንደ ወጉ እየገባ «ድንገት ሆነብን እኮ! እንዲያው ሳይሰናበት!» ይላል። ግሩም ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አይ፣ እሱስ ተሰናብቶ ነው የሄደው።»

ሰዎቹ ዞር ብለው አዩት። ወርቁ ወንበሩን ወደ ግሩም አስጠጋ፤ ግሩምም ይነግራቸው ጀመር።