በዝናብ መብራት የሚያመርት ጣራ

ሚስቴ ጣራውን በቀላሉ አልሰጠችኝም። ችግኞቿን በጣሳ ደርድራ የምታሳድገው እዚያ ነበር። ሶላሮቹን ልሰቅል ስል ጣሳዎቹን ወደ ጠባቡ ግቢ አወረደች፤ ግማሾቹ ጥላ ውስጥ ገርጥተው ቀሩ። «እስከ ቅዳሜ ከዋናው መስመር የምንወስደውን መብራት ካልቀነሰ፣ ነቅለህ ጣራዬን ትመልሳለህ» አለችኝ። ሰፈርተኛው «ጋዜጣ» የሚለኝ ሰውዬ ነኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ያወራሁት እውነት ቢሆንልኝ ብዬ ተመኘሁ።

የሶላሩን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚለውጠውን ሳጥን፣ ኢንቨርተሩን፣ ከነባትሪው ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ራሴ ነኝ። ትምህርት ቤትን በመስኮት ብሰናበትም ሥዕል ማየት አያቅተኝም። ከውጭ የሚገባውን ሽቦ የምትነክስ፣ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለች ነገር አለች። ሥራዋ ቤቱ ከመስመሩ ስንት ዋት እንደሚወስድ ለኢንቨርተሩ መንገር ነው። እየወሰድን ከሆነ ቁጥሩ ራቁቱን ይመጣል፤ እየሰጠን ከሆነ ፊቱ ላይ የመቀነስ ምልክት ይለጠፍበታል። ጀርባዋ ላይ ትንሽ ቀስት አለች።

ሐሙስ ዕለት ዝናቡን አወረደው። ፀሐይ የሚባል ነገር የለም። የኢንቨርተሩን ስክሪን ሳየው ግን የመቀነስ ምልክት፤ እየሰጠን ነው። አማቴ ካውያ ሰኩ፤ የምንሰጠው ጨመረ። ምድጃውን አበሩት፤ ይብስ ጨመረ።

«ልጄ፣ ማሞቂያውንም ላብራው እንዴ? ለሰው መስጠት ደስ ይላል» አሉኝ፣ ያልተጨማደደ አንሶላ እየተኮሱ።

«ያብሩት እማማ፣ ምን ይከለክልዎታል።»

ሱቅ ድረስ ሄጄ፣ ጣራዬ ዝናቡን እንደ ሎሚ ጨምቆ መብራት እንደሚያወጣ፣ የሰፈሩ ቴሌቪዥን ሁሉ በእኔ ጉልበት እንደሚሠራ አወራሁ።

«ፍሪጄ ዛሬ በደንብ የቀዘቀዘው ለዚህ ነው ለካ» አለ ባለሱቁ። እያሾፈ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጣፈጠኝ።

ስመለስ ሚስቴ ጃንጥላ ይዛ ውጭ ያለውን ቆጣሪ ታያለች። የቆጣሪው ቀይ መብራት ከመስመሩ በወሰድን ቁጥር ብልጭ ይላል። አሁን አሸዋ እንደገባበት ዓይን ይርገበገባል።

«ወይ ይሄ ይዋሻል፣ ወይ ያንተ ስክሪን» አለች። «እኔ ደግሞ ከማን ጋር እንደምኖር አውቃለሁ።»

አርብን ሙሉ ስቃጠል ዋልኩ። ሶኬት ነቀልኩ፣ ሰካሁ። ኢንቨርተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። በጥፊም መታሁት፤ የተጎዳው እጄ ነው። ባትሪው ከዝናቡ በፊት በነበረው ፀሐይ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ግን እንዳኮረፈ እንግዳ ተጎልቶ ጠብታ አይሰጥም። ለምንስ ይስጥ? ቤቱ ተርፎት ለውጭ እያደለ ነው ተብሎ ተነግሮታል።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ አላቆመም። ሚስቴ የሶላሮቹን መፍቻ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። ከዚያ መጥታ ሽቦውን አየች።

«ቀስቷን ወደ ውጭ ለምን አዞርካት?»

«መብራቱ እንዲሄድልኝ የምፈልገው ወደ ውጭ ነዋ።»

ያልኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከዕቃው ጋር የመጣውን ሥዕል ፈልጌ ዘረጋሁት፤ ቀስቷ ወደ ቤት ታያለች። ለካ ምኞቴን የጠየቀኝ አልነበረም።

ዋናውን ማጥፊያ ዘግቼ መቆንጠጫዋን ገለበጥኳት። መብራቱ ሲመለስ ትልቅ ቁጥር ራቁቱን ብቅ አለ፤ ስንወስድ እጅ ከፍንጅ ተያዝን። ይሄኔ ባትሪው ነቃ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ላይ ቆመ። ካውያው አሁንም እየሠራ ነው።

«ዜሮ?» አሉ አማቴ። «ሐሙስ ለሰፈሩ ስንሰጥ አልነበር? ምነው ልጄ፣ ደህናውን ዕቃ አበላሸኸው።»

«አሁን ነው የተሠራው እማማ።»

«እሺ» አሉኝ፣ ለታመመ ሰው በሚባለው እሺ።

ሚስቴ ወጥታ ቆጣሪው ፊት ብዙ ቆየች። ስትመለስ ፀጉሯ ይንጠባጠባል።

«ብልጭ አላለም» አለች። መፍቻውን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። «ጣራው ይቆይልህ። ግን ለማንም እንዳታወራ። አንተ ካወራኸው ውሸት ይሆናል።»

ጣሳዎቿንም በሶላሮቹ መካከል መልሳ ደረደረቻቸው፤ ላጸዳ ስወጣ እግሬን የማሳርፍበት የለኝም።

ማታውን ባለሱቁ «ዛሬስ ስንት ሰጠኸን?» አለኝ።

«ዜሮ።»

«ተበላሸ በለኛ። አይዞህ።»

ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። በዕድሜዬ አንድ እውነት ባገኝ እሱንም ማውራት ተከለከልኩ። አትጻፍ ግን አላለችኝም።