ካርታና አማቷ በፍል ውኃው መንደር

አስጎብኚ ባልደረቦቿ «ካርታ» ይሏታል። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም፤ ዓለም በሚያውቀው በዚያ ትልቅ ከተማ ውስጥ እንግዳ እያስከተለች ስትዞር ነው የኖረችው። የትኛው አደባባይ ጠዋት ጠዋት ለፎቶ እንደሚመች፣ የትኛው የሙዚየም ዘበኛ ሲለምኑት እንደሚረታ፣ የትኛው ደረጃ ዝናብ ሲነካው እንደሚያንሸራትት ጠንቅቃ ታውቃለች። ከከተማው ወዲያ ግን የምታውቀው የለም። የተወለደችውም፣ ያገባችውም፣ ባሏን የቀበረችውም እዚያው ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከአማቷ ጋር ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ብቻ የሚያሳይ። አማቷ ዕድሜያቸውን በልብስ ንጽሕና ቤት ሲተኩሱ የኖሩ፣ እጃቸው ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ሲሞት ግን መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ላይ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። እንዴት አደሩ ሲባሉ «ደኅና»፣ ይጨመርልዎ ሲባሉ «በቃኝ»፤ ከዚህ ያለፈ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ሁለቱ ሴቶች፣ አንዷ ሌላዋን ላለማስከፋት ሲሉ፣ የሟቹን ስም ሳያነሱ ከረሙ።

አንድ ቀን አለቃዋ ቢሮው አስጠራት።

«ከተማው ጠቦናል» አላት። «እንግዶቹ ቅርሱን ትተው እርስ በርሳቸው ሆኗል የሚተያዩት። ሰው የማያውቃቸው ትንንሽ ከተሞች ግን ሞልተዋል። ሂጂና እይልኝ። ከወደድሽው አዲሱን መስመር አንቺው ትመሪዋለሽ።»

«አማቴን ማን ላይ ጥያቸው ልሂድ?»

«መኪናው ባዶ ነው። ይዘሻቸው ሂጂ።»

አለቃዋ ነገሩን የተናገረው ለመገላገል ያህል ነበር። እሷም ብትሆን እምቢ እንደሚሏት አልተጠራጠረችም። እቤት ገብታ ስትነግራቸው አማቷ ከግድግዳው ላይ ዓይናቸውን መለሱ።

«ወዴት ነው እሱ?»

«እውነቱን ልንገርዎ እማማ፣ እኔም አላውቀውም።»

«እንግዲያው እንሂዳ» አሉ፤ ተነሥተውም ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር።

ሾፌሩ ወሬ የማይወድ ሰው ነበር፤ ሬዲዮ ከፍቶ መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው። አማቷ መኪና ያጥወለውለኛል ብለው ከፊት ተቀመጡ። ከተማው ከኋላ ቀርቶ ሜዳው ሲገለጥ መስተዋቱን ዝቅ አድርገው አፍንጫቸውን ለነፋሱ ሰጡ።

መጀመሪያ የደረሱባት ከተማ ሰፊ ወንዝ ዳር ያለች፣ ሰውም ከብትም በጀልባ የሚሻገርባት ነበረች። ካርታ እንደለመደችው ካሜራዋን አውጥታ ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ ወጣች። ስትመለስ አማቷ ካስቀመጠቻቸው ቦታ የሉም። ቁልቁል ስትሮጥ ወንዙ ዳር አገኘቻቸው፤ መረብ ከሚጠግን ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጠው ክሩን ይዘውለታል።

«እማማ፣ አስደነገጡኝ እኮ።»

«ምነው? ሰውየው ሦስተኛ እጅ አጥቶ ነው» አሉ።

በማግስቱ በደረሱባት የድንጋይ ጠራቢዎች ከተማ ደግሞ ባሰባቸው። ያዩትን ቤት ሁሉ ደጁ ድረስ ሄደው ያንኳኳሉ። አንዲት ሴት በሩን ገርበብ አድርጋ «ምን ፈልገው ነው?» ስትላቸው፣ «ምንም፤ ከውጭ ሳየው አማረኝና እንዲያው ውስጡን ልየው ብዬ ነው» አሉ። ሴትየዋ መጀመሪያ ግራ ተጋባች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ በሩንም ወለል አድርጋ ከፈተችው። ግቢው ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ ባሏ የጠረበላት የድንጋይ ገንዳ ነበረ። ካርታ ገንዳውን በእጇ እየዳሰሰች፣ ባደገችበት ከተማ የማንንም ሰው በር እንዲህ ብላ አንኳኩታ እንደማታውቅ አሰበች። እሷ የምታውቀው ከውጭ ቆሞ ማሳየት ነው።

የፍል ውኃው መንደር የሁሉም ዳር ነበር። መንገዱ መኪናውን እንደ ወንፊት እያንገዋለለ ተራራው ወገብ ላይ አደረሳቸው። እንፋሎቱ ከሩቅ ይታያል። የመታጠቢያ ቤቱን የምታስተዳድረው ሴት ወፍራም፣ ድምፀ ጉልህ፣ ሰው ለመላመድ ጊዜ የማትፈጅ ነበረች። «የሴቶች ሰዓት ነው፤ ግቡ ግቡ፣ ድካማችሁን እዚህ ጥላችሁት ሂዱ» ብላ የሚያሸርጡትን ጨርቅ አስታቀፈቻቸው።

ውስጡ ከድንጋይ የተሠራ፣ ጣሪያው መሐል ላይ ክፍት የሆነ ክብ ክፍል ነው። በክፍተቱ የሚገባው ብርሃን እንፋሎቱ ውስጥ ቆሞ ይታያል። አማቷ ገንዳው አፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። በዕድሜያቸው ከባልዲ የበለጠ ውኃ ውስጥ እግራቸውን ከተው አያውቁም። ካርታ ቀድማ ገባችና እጆቿን ዘረጋችላቸው። አንዱን ደረጃ ወረዱ፤ ሁለተኛው ላይ እግራቸው ከዳቸውና አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። አጥንታቸው እንደ ወፍ ነው። እንዲህ መክሳታቸውን በልብሳቸው ላይ አይታው አታውቅም።

«አይዞሽ» አለቻቸው፤ «አይዞሽ፣ ይዤሻለሁ። አትፍሪ፣ አለቅሽም።»

ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ «እርስዎ» ከማለት ዝንፍ ብላ አታውቅም።

«ይቅርታ እማማ፣ ደንግጬ ነው።»

አሮጊቷ አንገቷን አልለቀቁም። «ተዪው» አሉ። «እሱም አንቺ ነበር የሚለኝ። ከሞተ ወዲህ አንቺ የሚለኝ ሰው ጠፋ እኮ። ሁሉም አከበረኝ።»

ውኃው ትከሻቸው ድረስ ያዛቸው። አሮጊቷ ፊታቸውን ሳያሳዩዋት፣ «ልጠይቅሽ» አሉ። «መቼ ነው ጥለሽኝ የምትሄጂው?»

«ማን? እኔ?»

«ልጅ ነሽ። ታገቢያለሽ፣ ማግባትም አለብሽ። የማወቅ ነገር ነው እንጂ ቂም የለኝም። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ በሩን በከፈትሽ ቁጥር፣ ዛሬ ልትነግረኝ ነው እላለሁ።»

 የካርታም የራሷ ነገር ገነፈለ። «እኔ ደግሞ እህትሽ ጋ ትሄጃለሽ እያልኩ ነበር የምፈራው። ዝም ስትዪኝ፣ ልጄ ከሌለ ይቺ ምኔ ናት እያልሽ ይመስለኝ ነበር። ያንን ባዶ ቤት ብቻዬን እንዳልገባው ፈርቼ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ማልቀሳቸው ነው ስትል ሳቅ ሆነ፤ ሳቅ ነው ስትል ደግሞ ለቅሶ። እንፋሎቱ ሁሉንም አንድ አደረገው። ባለ መታጠቢያ ቤቷ በሩ ላይ ብቅ ብላ «ምነው፣ አቃጠላችሁ እንዴ?» ብላ ጠይቃ፣ አይታቸው፣ ቀስ ብላ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ካርታ ስትነቃ የአማቷ አልጋ ተነጥፏል። ከመታጠቢያ ቤቱ ጓሮ አገኘቻቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው የፎጣ ክምር እያጠፉ፣ የእያንዳንዱን ጠርዝ በመዳፋቸው እየተኮሱ።

«ረዳቴ አግብታ ሄደችብኝ» አለች ባለ መታጠቢያ ቤቷ፤ «እኚህ እናትሽ ደግሞ አንዲት ፎጣ እንዳነሡ ሥራው እጅ ገባ። እስኪ ለጥቂት ወራት እሳቸውን ተዪልኝ።»

«ልቅር» አሉ አማቷ፣ ከፎጣው ላይ ዓይናቸውን ሳያነሡ።

ካርታ የሰማችውን ማመን አቃታት። ትናንት ጥለሽኝ ትሄጃለሽ ስትባል የነበረችው እሷ ነች። «ታዲያ እኔስ?» አለች፤ እንደ ሕፃን ከፋት።

«አንቺማ ትመጫለሽ። ሥራሽ አይደል? እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ከምጠብቅሽ እዚህ ሆኜ ብጠብቅሽ ነው የሚሻለኝ። የማየው አለኝ፤ የምነግርሽም ይኖረኛል።»

ስትመለስ የፊተኛው ወንበር ባዶ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ሜዳው ላይ ሲወርዱ «ዝምታው ከበደ» አለ፤ በመንገዱ ሁሉ የተናገረው ይህን ብቻ ነበር። ካርታ መስኮት መስኮቱን እያየች ለአለቃዋ የምትለውን አሰበች። ከአማቷ ሌላ ምክንያት አልፈለገችም፤ መስመሩን ተቀበለች።

የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ይዛ ስትመጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አማቷ ጉንጫቸው ሞልቶ፣ በሩ ላይ ቆመው «ጫማ እዚህ፣ ጫማ እዚህ» እያሉ በማያውቁት ቋንቋ የሚያወራውን ሕዝብ ሁሉ በእጃቸው ያስተዳድራሉ። እንግዶቹ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ሁለቱ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ከሳሽ» አሏት።

«ብቻዬን ስበላ አይጥመኝም» አለች። ወደ እሳቸው ዞር አለችና፣ «እማማ፣ ሕፃን ሳለ እንዴት ያለ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

አሮጊቷ ማን እንደሆነ አልጠየቁም። እጃቸውን በሽርጣቸው አደራርቀው ተደላደሉና፣ «መቼ ሕፃን ነበረና፤ ከተወለደ ጀምሮ ሽማግሌ ነው» ብለው ጀመሩ። እንግዶቹ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን አድርቀው ሲወጡም ወሬው ገና አላለቀም ነበር።