የዱሊዮ አውራ ጣት

ዱሊዮ ዓይኑ እየጠፋ መሆኑን የነገረው ለእኔ ብቻ ነበር። አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ “ኤርሜቴ፣ የመጣው ስንት ቁጥር ነው?” አለኝ። አሥር ቁጥር ከፊታችን ቆሟል።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አልኩት።

“ከፋሲካ ወዲህ። ክበቡ እንዳይሰማ። ወንበሬን ለሊቪዮ ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ለምን ብዬ ከአልጋ እነሳለሁ?”

ክበባችን ትሪየስቴ ውስጥ፣ ከአንድ ቡና ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ነበር የሚሰበሰበው። ጥር ሲገባ፣ የአውሮፓ አገሮች በዓመቱ ያወጧቸውን ባለ ሁለት ዩሮ የመታሰቢያ ሳንቲሞች ከፋይ ጨርቅ ላይ ደርድረን እንፈርድባቸዋለን። የመጨረሻው ቃል የዱሊዮ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ዋንጫና የበር ሰሌዳ ላይ ስም ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነው። እሱ አስቀያሚ ያለው ሳንቲም፣ የማንም ይሁን የማን፣ ያኔውኑ ባንኮኒው ላይ ወይን ይጠጣበታል።

ሌላም ሕግ ነበረን። ሳንቲም የሚያዘው በጠርዙ ነው። የጣት ወዝ ፊቱ ላይ ካረፈ፣ ውሎ አድሮ ይጠቁራል።

በዚያ ዓመት ረቡዕ ረቡዕ ቤቱ እየሄድኩ ሳንቲሞቹን እነግረው ነበር።

“ወፍ አለች። ሁለት ቅርንጫፍ። ከታች ዓመተ ምሕረቱ።”

“ቅርንጫፉ ወፏን ነክቷታል?”

“አልነካትም።”

“ደህና ነው።”

አንድ ቀን ከመሳቢያው ከዩሮ በፊት የነበረውን የጣሊያን አምስት መቶ ሊሬ ሳንቲም አውጥቶ በጣቱ ዳበሰው። “ይኼ ለዓይነ ስውር የሚሆን ነጥብ ነበረው፤ ታስታውሳለህ? ሥዕሉን አበላሸው ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነበርኩ።” ሳቀ። ከዚያ መሳቢያውን ዘጋ።

የፍርዱ ቀን ሁሉም በሰላም ሄደ። መጨረሻ ላይ ፋርማሲስቱ ሊቪዮ ነጭ ጓንቱን እንዳጠለቀ ከኪሱ ሳንቲም የያዘች ማቀፊያ አወጣ። “ትናንት ማታ የደረሰችኝ ናት” አለ። እኔ ከዚያ በፊት አላየኋትም። ለዱሊዮም አልነገርኩትም።

ዱሊዮ ሳንቲሟን በጠርዟ ተቀበለ። ወደ መብራቱ ከፍ አደረጋት። ከዚያ ዝቅ አድርጎ አውራ ጣቱን ፊቷ ላይ አሳረፈ።

“ምን ነካህ ሰውዬ?” አለ ሊቪዮ። “ኮክ መሰለችህ እንዴ? ብስል መሆኗን ነው የምታየው?”

የዱሊዮ ጣት ቀስ እያለ ሄደ። “የሰው ፊት ነው” አለ። “አፍንጫው ላይ ፊደል ወጥቶበታል። ከጀርባው ደግሞ ቤት፣ ከቤቱ በላይ ሌላ ነገር። የጧት አውቶቡስ ነው የሚመስለው። ቅርጹም ከፍታ የለውም፤ አምስት ዓመት ኪስ ለኪስ ከዞረ ምንም አይተርፈውም። የዓመቱ አስቀያሚ ይቺ ናት።”

“አታይም” አለ ሊቪዮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ዱሊዮ፣ አንተ አታይም።”

“አላይም።”

ጸሐፊያችን ኒቬስ ብዕሯን አስቀመጠች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። “ታዲያ የተናገረው ውሸት ነው?” ብላ ሊቪዮን ጠየቀችው።

እኔ ሳንቲሟን ከዱሊዮ እጅ ወሰድኩና አውራ ጣቴን ጫንኩባት። ሻካራ ነገር ብቻ ነው የተሰማኝ፤ ግን አልተናገርኩም። ኒቬስም ተቀብላ ዳበሰቻት።

“በሉ ጨርሷት” አለ ሊቪዮ። “የት እንዳገኘኋት እንኳ አልጠየቃችሁኝም።” ግን አንድ ጓንቱን አወለቀ። ዓይኑን ጨፍኖ ነካት።

“ተጨናንቃለች” አለ።

ሳንቲሟን ይዞ ወደ ባንኮኒው የሄደው እሱ ራሱ ነው። ወይኑ ሲመጣ መጀመሪያ ለዱሊዮ ቀዳለት፤ ብርጭቆውን እጁ ላይ አስነካው። “ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ ቀረህ? አምና ያቺን ባለ መርከብ ሳንቲም አስቀያሚ ስትላት ታያት ነበር?”

“አምና አይ ነበር። መርከቧ በዓይንም አስቀያሚ ናት።”

ዱሊዮ ከዚያ በኋላ ሦስት ጥር በወንበሩ ተቀመጠ። እሱ ሲሞት ክበቡም ተበተነ። ክፍሏን ዛሬ የወንበር መጋዘን አድርገዋታል።

እኔ ዳቦ ስገዛ መልስ ይሰጡኛል። ባለ ሁለት ዩሮ ከሆነ ሳላየው በአውራ ጣቴ እዳብሰዋለሁ። ያቺ ሳንቲም እስካሁን አላጋጠመችኝም። ይኸው ዘንድሮ አምስተኛ ዓመቷ ነው፤ ፊቱም አፍንጫውም ሳይሟሽሽ አልቀረም።