ውጥረት የገባበት መስታወት

የፊዚክስ ፕሮፌሰሩ ኦታቪዮ ብሩሴጋን፣ እዚህ የተደረገ ነገር እዚያ ማዶ ያለውን በቅጽበት ይነካል ቢሉት አይዋጥለትም። ከአንድ አቶም ወጥተው ግራና ቀኝ የሚበሩ ሁለት የብርሃን ቅንጣቶች ተራርቀው ሲለኩ መልሳቸው ከተመሳሰለ፣ ገና ሲነሡ እኛ የማናየውን ስንቅ ቋጥረው ነው ይል ነበር። በጣሊያኗ ከተማ በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ባልደረቦቹ "ይህን ፍልስፍናህን ለመሸታ ቤት አቆየው" እያሉ ይተርቡታል።

ነገሩ በሙከራ ሊዳኝ እንደሚችል ሲታወቅ፣ ሥራውን የተሸከመችው እሱ ራሱ ያስተማራት ኢልዴ ዛኔላ ናት። ስንቁ አስቀድሞ የተቋጠረ ከሆነ፣ የመልሶቹ መመሳሰል የማያልፈው ወሰን አለ። ወሰኑን ካለፈ ግን የኦታቪዮ እምነት አበቃለት። ኢልዴ ምድር ቤት ቅንጣቶቹ የሚወጡበትን የሜርኩሪ መብራቷን ተክላ የብርዱን ወራት ሙሉ ለካች። ቁጥሩ ወሰኑን አላለፈም።

"ፕሮፌሰር፣ ልክ ነበሩ" አለችው።

በማግስቱ እሷ ምሳ ስትወጣ ኦታቪዮ መሣሪያውን ሊያይ ብቻውን ወረደ። ሁለት የብርሃን ማጣሪያዎችን አንዱ ያሳለፈውን ሌላው እንዲከለክል አገጣጥሞ ሜርኩሪውን የያዘውን መስታወት በመካከላቸው ተመለከተው። ድቅድቅ ጨለማ መሆን የሚገባው ቦታ ላይ ሐምራዊና ቢጫ ሰንበር ተጋድሟል። መስታወቱ ሲሠራ ቶሎ ቀዝቅዞ ውጥረት ገብቶበታል፤ በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ያዛባል፣ የኢልዴ ቁጥርም አይታመንም ማለት ነው። ማጣሪያዎቹን ኪሱ ከተተ። ማታ ለውጤቷ ወይን ስንጠጣ እነግራታለሁ ብሎ ነበር፤ ብርጭቆዋን አንሥታ "ለእርስዎ" ስትለው ግን ቃሉን ዋጠው።

ኢልዴ ቱሪን ሄዳ ውጤቷን በጉባኤ ተናገረች። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች ተቃራኒውን አገኙ። "የፓዶቫዋ ሴትዮ የምትለካው በምኞት ነው" የሚለው ተረብ በየሄደችበት ይቀድማት ጀመር። እሷ ጥፋቱን በገዛ እጇ ላይ ፈለገች፤ መሣሪያውን ፈታችው፣ ገጠመችው፣ መልሳ ፈታችው። ከሳች። ኦታቪዮ በአጠገቧ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል። ቤት ሲገባ ሚስቱ "ምን ሆነሃል?" ስትለው "እርጅና ነው" ይላታል።

አንድ ቀን ኢልዴ ምርምሩን ትታ ልጆች ልታስተምር መሆኗን ሰማ። ልትሄድ የብስክሌቷን ቁልፍ ስትፈታ ደረሰባት።

"መስታወቱ ነው" አላት። "ውጥረት አለበት። ቱሪን ሳትሄጂ አይቼዋለሁ።"

ብስክሌቷን መልሳ ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

"ሳልሄድ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"ቁጥሩ ደስ ብሎኝ ነበር።"

"ሰዎች ሲስቁብኝ እኮ እርስዎ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር" አለች ኢልዴ።

"ነበርኩ።"

"ሰኞ ይምጡ። መስታወቱን እንጠግናለን። ቁጥሩን ግን አይነኩትም።"

መስታወቱን በምድጃ አግለው ቀስ ብለው አቀዘቀዙት። ኢልዴ እንደገና ስትለካ ኦታቪዮ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቁጥሩ ወሰኑን ጥሶ አለፈ። ዕድሜ ልኩን የተሟገተለት እምነት ፊቱ ላይ ፈረሰ፤ እሱ ግን ያዘነው ለባከነው የእሷ ጊዜ ነበር።

በቀጣዩ ስብሰባ ተነሥቶ ያደረገውን በባልደረቦቹ ፊት ተናገረ። ማንም አልተረበውም። ኢልዴ ሥራዋ ላይ ቀረች፤ ሰላምታም አልነፈገችውም። ይቅር ብላው እንደሆነ ሊጠይቃት ብዙ ጊዜ አስቦ አፉ አልደፈረም፤ እሷም አልነገረችው።