ዳማ ቁም ሲሉት

እርጥብ ጭቃ አይቦረሽም! ምላሴ ፀጉር እስኪያበቅል ተናግሬዋለሁ። ክረምት ላይ ፈረስ ጭቃ ውስጥ ተንከባሎ ሲመጣ ታስረዋለህ፣ እስኪደርቅ ትታገሣለህ፣ ከዚያ በብሩሽ ታራግፍለታለህ። ከግልቢያ ሲመለስም ያው ነው። ጭቃው ላይ ኮርቻ ከጫንክ ግን አሸዋው ቆዳውን ይፍቀዋል። እኔ እንድሪስ፣ ሳሊተ ምሕረት ጀርባ ፈረስ በሚያስጋልቡበት ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ፣ ለመጣ ሠራተኛ ሁሉ ይህን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ታዲያ ማን አጠፋ? እኔው!

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ መጡ። ዳማ የምንለው ፈረስ ደግሞ ከሆዱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። የግቢው ባለቤት ጋሽ ታዴዎስ "እንድሪስ፣ ሰው እየጠበቀ ነው እኮ!" ብለው ጮኹብኝ። ካሜራ የሚያየውን ጎኑን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጌ፣ የሆዱን ጭቃ እንዳለ ትቼ ኮርቻውን ጫንኩ። በሆዱ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር ሳጠብቅ ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈ። አሞታል፤ አውቄያለሁ። ቢሆንም አጠበቅኩት።

በሳምንቱ የጠፍሩ ቦታ ቆስሎ መገለ። ጋሽ ታዴዎስ አይተው "ይሄማ የቆዳ በሽታ ነው፤ ሌሎቹን እንዳይጨርስብኝ" አሉ። በሽታ አይደለም፣ የእኔ ጥድፊያ ነው ማለት ነበረብኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንጀራዬን ፈራሁ።

ሰኞ ጠዋት ስገባ ጋጣው ባዶ ነው። ጋሽ ታዴዎስ አስለቅቀውታል። በዚህ ከተማ የማይፈለግ ፈረስ ዕጣው ይኸው ነው፤ አስፋልት ላይ ይጣላል፣ በቃ።

ሦስት ቀን ፈልጌ ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ አገኘሁት። ከላይ እስከ ታች ጭቃ ለብሶ መንገድ ዳር ካርቶን ያኝካል። "ዳማዬ" ስለው ዞረ። ብሩሹን ከኪሴ ሳወጣ ገና ሳልነካው የፊት ግራ እግሩን አነሣልኝ። ቀጥሎ ቀኙን። ሰኮናውን የምጠርግለት በዚህ ተራ ነበር። ወደ ቤቱ ልወስደው መስሎታል፣ ምስኪን! አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። የታክሲ ረዳቶቹ "ፋዘር፣ ምን ነካህ?" እያሉ ሳቁብኝ።

የምኖረው በኪራይ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ፈረስ የት ላስገባ? ነገ ጋሽ ታዴዎስን ለምኜ እወስደዋለሁ አልኩ። ልሄድ ስል ተከተለኝ። መኪናው አስፈራኝና "ዳማ፣ ቁም!" አልኩት። ቁም ካሉት የማይነቃነቅ ፈረስ ነው፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቆመ።

በማግስቱ በጠዋት ሁሉንም ለጋሽ ታዴዎስ ነገርኳቸው።

"ምነው ያኔ ብትነግረኝ? ወደ ሌሎቹ ይጋባል ብዬ ፈርቼ እኮ ነው። በል ሂድ፣ አምጣው" አሉኝ።

ገመድና አንድ እቅፍ ሳር ይዤ በረርኩ። ስደርስ ዳማ ላይ ሸራ ጥለውበታል። ሲነጋጋ የጭነት መኪና ገጭቶት ነው። እዚያው አጠገብ በቆሎ የምትጠብሰው ሰኪና እጄ ላይ ያለውን ሳር አየችና ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ማታ ዝናቡ ሲበረታ ከመንገዱ ዳር ወደ ውስጥ ልናስገባው ብንገፋው፣ ብንጎትተው፣ እንቢ አለን ጋሼ። እርስዎ ካቆሙበት ንቅንቅ አላለም" አለችኝ።